ከስቲከሩ ሥር

ትሩፋት ያን ቀን ከወንበሯ ስንት ጊዜ እንደተነሣች ራሷም አታውቀውም። ሃያ ስድስት ዓመት በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጣ የሳሙና ፋብሪካውን ስልክ ስታነሣ፣ ስታዞር፣ ስትዘጋ ኖራለች። የሚተካት ሰው ካልተገኘ ሽንት ቤት እንኳ ሳትሄድ ታግሣ የምትቀመጥ ሴት ናት። ዛሬ ግን እግሯ አልረጋ አለ። ትነሣለች፣ ወደ ኮሪደሩ ብቅ ትላለች፣ ትመለሳለች፤ ሳትቀመጥ ስልኩ ይጮኻል፤ ቆማ ታነሣና የተጠየቀችውን ክፍል አገናኝታ እንደገና ወደ በሩ።

እንዲህ ያንቆራጠጣት ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ጥቁር ሻንጣዋን ከፍታ የቆመችው ሩቲ ናት። ሩቲ ፋብሪካው የስልክ አገልግሎቱን ወደ ክላውድ እንዲያዛውርለት ከተዋዋለው ድርጅት የተላከች ቴክኒሻን ስትሆን፣ ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላትም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ምድር ቤት ያለው አሮጌ ማዞሪያ ይዘጋል፤ ጥሪው ሁሉ በኢንተርኔት ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን በየጠረጴዛው ያለው ስልክ አዲሱን አገልግሎት የሚቀበል መሆን አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። የሚቀበል ሞዴል አለ፤ የማይቀበል ሞዴልም አለ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ብታስቀምጣቸው እናታቸውም አትለያቸውም። ልዩነቱ ያለው ከስልኩ ሆድ ሥር አምራቹ በለጠፋት ጥፍር የምታክል ወረቀት ላይ ነው። በስልኩ ስክሪን ገብታ እንዳታይ፣ ስልኮቹን ድሮ የገጠመው ድርጅት ሁሉንም በይለፍ ቃል ቆልፏቸዋል፤ ድርጅቱም ከተበተነ ቆይቷል።

ያቺን የአምራቹን ወረቀት ደግሞ የፋብሪካው ንብረት ክፍል በራሱ ስቲከር ሸፍኗታል። ስልኩ ላይ ለስላሳ ቦታ ያለው እዚያ ብቻ ነው ተብሎ፣ በአርባ ስድስቱም ስልኮች ላይ፣ ልክ በሞዴሉ ቁጥር ላይ፣ የንብረት ቁጥር ተለጠፈበት። የዕቃውን ማንነት ሸፍኖ የራሱን ቁጥር የሚያነብ መሥሪያ ቤት አይታችሁ ከሆነ፣ ይህ ከነዚያ አንዱ ነው።

ትሩፋትን ያስጨነቃት ከስቲከሩ ሥር ያለው ነው። አርባ ስድስቱም ስልኮች የተመዘገቡት በእሷ ስም ነው። ነሐሴ ላይ ስድሳ ዓመት ይሞላታል፤ ጡረታ ትወጣለች። ለመውጣት ክሊራንስ ያስፈልጋታል። የክሊራንሱ ፎርም አሥር ሳጥን አለው፤ ዘጠኙ ተፈርሟል፤ ክሊኒኩም፣ ጥበቃውም፣ ብድርና ቁጠባውም፣ ሁሉም። የቀረው የንብረት ክፍል ነው። ያ ፊርማ ከሌለ የጡረታ ወረቀቷ ከመዝገብ ቤት አይወጣም። እና ከአርባ ስድስቱ ስልኮች አሥራ አንዱ መዝገቡ ላይ ያሉት ስልኮች አይደሉም። ስቲከራቸውን በገዛ እጇ ያዛወረችው እሷ ናት።

ነገሩ የጀመረው ከአራት ዓመት በፊት ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የቦይለር ክፍሉ ስልክ ተቃጠለ። ቦይለር ክፍሉ የፋብሪካው እንፋሎት የሚፈላበት፣ ከግቢው ጀርባ ያለ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ሞባይል የማይሠራበት ቤት ነው። ጉተማ የሚባል ሠራተኛ እዚያ ብቻውን ይውላል። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት እንፋሎት አፈትልኮ ክንዱን ሲገሸልጠው፣ በሌላ እጁ እጀታውን አንሥቶ "እትዬ፣ ተቃጠልኩ" ያለው ለትሩፋት ነው። አምቡላንስ የጠራችው እሷ ናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ አንድ ልማድ አወጡ። ጉተማ በየሰዓቱ መጀመሪያ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ አስጠርቶ ይዘጋል። ደህና ነኝ ማለቱ ነው። የሰዓቱ ጥሪ አምስት ደቂቃ ከዘገየ ትሩፋት ጥበቃ ትልካለች።

ታዲያ ያ ስልክ ሲቃጠል በሕጉ መሠረት ማስታወሻ ጻፈች። ማስታወሻው ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፤ ኮሚቴው የባለሙያ አስተያየት ይቅረብ አለ፤ ባለሙያው ስብሰባ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየሰዓቱ በራሷ እግር ግቢውን አቋርጣ ጉተማን አይታ ተመለሰች። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ጎፋ ወርዳ ኮርሳ ከሚባለው ስልክ ጠጋኝ ሱቅ ያንኑ የመሰለ አሮጌ ስልክ ገዛች። ሰኞ ጠዋት የሞተውን ስልክ በሻይ ማፍያው እንፋሎት ላይ ይዛ ስቲከሩን ላጠችና አዲስ በመጣው ላይ ለጠፈችው። አሮጌው ማዞሪያ ምንም አላለም፤ ስልኩ ሠራ። ቀጥሎ የጋራዡ ተቃጠለ። ቀጥሎ የሽያጩ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የቆጠራ ኮሚቴ ይመጣል፣ ስልኩን ይገለብጣል፣ ቁጥሩን ያነባል፣ መዝገቡ ላይ ምልክት አድርጎ ይሄዳል። እጀታውን አንሥቶ ያዳመጠ ቆጣሪ እስከ ዛሬ አልታየም። መዝገቡም ንጹሕ ነው፤ አርባ ስድስት ስልክ፣ አንድ ሞዴል፣ አንድም የጎደለ፣ አንድም የተበላሸ የለም። መዝገብ እንዲህ የሚያምረው እውነት ሲጎድለው ብቻ ነው።

ሩቲና አቶ ወጋየሁ ኮሪደሩ ላይ መጨቃጨቅ ከጀመሩ ግማሽ ሰዓት ሆኗቸዋል። አቶ ወጋየሁ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ማኅተሙን መሳቢያ ውስጥ አያምኑትም፣ በኮት ኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ስቲከር መላጥ ንብረት ማጥፋት ነው አሉ። ሩቲ ሳትልጥ ሞዴሉን ማወቅ እንደማትችል ነገረቻቸው። መዝገቡን ከፍተው አሳዩዋት፤ ሁሉም አንድ ሞዴል መሆኑ በግልጽ ተጽፏል። ሩቲ የምትፈርመው ስላየችው ስልክ እንጂ ስላነበበችው መዝገብ አለመሆኑን ተናገረች።

"ልጄ፣ ይሄ መዝገብ በኦዲተር የታየ ነው" አሉ አቶ ወጋየሁ።

"ኦዲተሩ ደውሎበታል?" አለች ሩቲ።

ትሩፋት በሩ ላይ ቆማ ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። ልጅቷ የዋዛ አይደለችም። በሌላ ቀን ቢሆን በወደደቻት።

በመጨረሻ ተስማሙ። ሩቲ እስከ አሥር ሰዓት ጨርሳ ፉሪ ያለ ሌላ መሥሪያ ቤት መሄድ ስላለባት አምስት ስልክ ብቻ ታያለች። አምስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ የቀሩትንም እንደዚያው ቆጥራ ትፈርማለች። ለአምስቱ ስቲከር መላጥ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፤ ፈራሚዎቹም አቶ ወጋየሁ፣ ሩቲና ንብረቱ በስሟ ያለው ወይዘሮ ትሩፋት ይሆናሉ። ለአምስት ስቲከር ሦስት ሰው ተፈራረመ። 

የመጀመሪያውን እሷው አቀረበች። "ከእኔ ጀምሪ" ብላ የራሷን ስልክ ገለበጠችላት። እሱ ከመጀመሪያ ጀምሮ ያለ፣ ያልተነካ ስልክ መሆኑን ታውቃለች። ሩቲ ስቲከሩን በጥፍሯ ቀስ አድርጋ አነሣች፣ በሞባይሏ ፎቶ አነሣች፣ "ይቀበላል" አለች። ሁለተኛው የጸሐፊዋ ሆነ። ይቀበላል። ከዚያ ሩቲ ወደ ሽያጭ ክፍል ዞረች። የሽያጩ ስልክ ከተለወጡት አንዱ ነው። ትሩፋት አፏን ሳትከፍት ግን አቶ ወጋየሁ ቀደሟትና ሽያጮች ደንበኛ ላይ ናቸው፣ ይልቅ ሠራተኛ አስተዳደር ይሻላል ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። ይቀበላል። አራተኛው ላይ ሩቲ የአቶ ወጋየሁን ቢሮ አልፋ ልትሄድ ስትል በሩ ክፍት ስለነበረ ገባ አለች። አሁን ደግሞ ትሩፋት ቀደመች፤ የዚያ ክፍል ስልክ ገመዱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ስለሆነ ለመንቀል ሰው ይፈልጋል አለች። ገመዱ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አልነበረም። አቶ ወጋየሁም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ያን ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አቶ ወጋየሁ የትሩፋትን ሥራ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር። እንዴት አያውቁ? ከሁለት ዓመት በፊት የራሳቸው ስልክ፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ ሲቃጠል ማስታወሻ አልጻፉም፤ ወደ እሷ መጥተው "እንደሌሎቹ አድርጊልኝ" ብለው ስልኩን በፌስታል ትተውላት ነው የሄዱት። ይህን ሁለቱ ከዚያ በኋላ አንሥተውት አያውቁም። አሁንም አላነሡትም። በአንድ ጣሪያ ሥር ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች ሳይነጋገሩ መዋሸት ይችላሉ።

አራተኛው የሒሳብ ክፍል ሆነና አለፈ። አምስተኛው ላይ ሩቲ የስልኮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች አየችና ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

"ሠላሳ አንድ ቁጥር። ቦይለር ክፍል። ከቢሮው ውጪ አንድ ልይ።"

ሰኔ ነው፤ ጠዋት የጣለው ዝናብ ግቢውን ጭቃ አድርጎታል። አቶ ወጋየሁ ቦይለር ክፍል ለመግባት የደኅንነት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ማስረዳት ጀመሩ። ሩቲ ፈቃዱን ማን እንደሚሰጥ ጠየቀች። ያን ጊዜ ትሩፋት የልጅቷን ነጭ ጫማ አየችው።

"ሩቲዬ፣ በዚህ ጫማ? ቁርጭምጭሚትሽ ድረስ ነው የሚውጥሽ። የፉሪውን ቀጠሮ በጭቃ ልትሄጂበት ነው?" አለቻት። "የሠራተኛው ክበብም ከቢሮው ውጪ ነው፤ መንገዱም ሲሚንቶ ነው። የክበቡን እይ።"

ሩቲ ሰዓቷን አየች። የክበቡን አየች። ይቀበላል።

ፎርሙ በአቶ ወጋየሁ ጠረጴዛ ላይ ተሞላ። አርባ ስድስት ስልክ፣ ሁሉም ተስማሚ፣ ሰኞ ጠዋት ዝውውሩ ይፈጸማል። ሩቲ ፈረመች፤ ማኅተሙ ከኮት ኪስ ወጣና አረፈበት። አቶ ወጋየሁ በዚያው ትኩስነት የትሩፋትን የክሊራንስ ፎርም ከመሳቢያቸው አውጥተው አሥረኛውን ሳጥን ፈረሙላት፤ እንኳን ደስ ያለሽም አሏት። አሥር ከአሥር። ትሩፋት ወረቀቱን ተቀብላ ወደ ማዞሪያ ክፍሏ ተመለሰችና ተቀመጠች። ተነሣች። እንደገና ተቀመጠች። ያለቀ ነገር ነው።

ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ስልኩ አንድ ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ።

ጉተማ ነው። ደህና ነኝ ማለቱ ነው።

ትሩፋት እጀታውን ሳታነሣ ስልኩን ትኩር ብላ አየችው። ጉተማ ጋ ያለው አሮጌ ስልክ አዲሱን አገልግሎት ስለማይቀበል፣ ሰኞ በዘጠኝ ሰዓት ይህ ጥሪ አይመጣም። ማክሰኞም አይመጣም። ጥበቃው ሄዶ ያየዋል፣ ስልኩ ተበላሽቷል ይባላል፣ ማስታወሻ ይጻፋል፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። ኮሚቴው ጨርሶ ስልክ እስኪገዛ እሷ ጡረታ ወጥታ ሀና ማርያም ቤቷ በር ላይ ወንበር አውጥታ ፀሐይ ትሞቃለች። ያ ክንዱ እንደ ተቃጠለ ፕላስቲክ የተጨማደደ ሰው እጀታውን አንሥቶ "እትዬ" ይላል፤ የሚሰማው የለም። ለእሱ ብላ የጀመረችውን ውሸት በእሱ ላይ ልትጨርሰው ነው።

 በአቶ ወጋየሁም፣ በኮሚቴውም፣ ከሁሉም በላይ በራሷና ነጩን ጫማ ሰበብ ባደረገው ምላሷ ተናደደች። ክሊራንሱን እጇ ላይ እንደያዘች ኮሪደሩን በሩጫ አቋረጠች። ሩቲ ሻንጣዋን እየዘጋች ነበር።

"አሥራ አንድ ናቸው" አለች ትሩፋት።

"ምኑ?" አሉ አቶ ወጋየሁ።

"አምስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ዘጠኝ፣ ሃያ፣ ሃያ ስድስት፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ስምንት፣ አርባ፣ አርባ አራት። እነዚህ መዝገቡ ላይ ያሉት አይደሉም። አሮጌ ናቸው። ስቲከራቸውን የለወጥኩት እኔ ነኝ።"

ኦፕሬተር ናት፤ ቁጥር አይጠፋባትም። ሩቲ አንዴ እሷን፣ አንዴ አቶ ወጋየሁን አየች። አቶ ወጋየሁ መነጽራቸውን አወለቁና ስለ አንድም ነገር የሚያውቁት እንደሌለ፣ ወይዘሮ ትሩፋት የጡረታ ጭንቀት ይዟት እንደሆነ በተረጋጋ ድምፅ ተናገሩ። መዝገቡ እዚህ አለ አሉ። መዝገቡን በእጃቸው መቱት።

ትሩፋት ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ስልክ፣ ዘጠኝ ቁጥርን፣ አንሥታ ገለበጠችውና ሩቲ ፊት አስቀመጠችው። ገመዱ በቀላሉ ተከተላት። ሩቲ ስቲከሩን ላጠች። ጎንበስ ብላ አነበበች። ፎቶ እንኳ አላነሣችም።

"ይሄ አይቀበልም" አለች። የተፈረመውን ፎርም ከጠረጴዛው ላይ ሳብ አድርጋ ለሁለት ቀደደችው። "ማዘር፣ ቁጥሮቹን ቀስ ብለው ይድገሙልኝ።"

ትሩፋት ደገመችላት። ሩቲ ጻፈች፤ ከዚያ ጫማዋን አየት አድርጋ ከሠላሳ አንድ ቁጥር እንደምትጀምር ተናግራ ወጣች። አቶ ወጋየሁ በሩን ዘጉ። በሩ ሲዘጋ ወይዘሮነቱ ቀረ።

"አንቺ ሰው፣ አብደሻል? ሁለት ወር ነው የቀረሽ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ መፍትሔ አመጡ፤ መፍትሔ የማያልቅባቸው ሰው ናቸው። አሥራ አንዱም በዚህ ሳምንት በመብራት መቆራረጥ ተቃጠሉ ተብሎ ይመዝገብ። የሁሉም ቀን ዛሬ ይሁን። ማን ለወጠ፣ መቼ ተለወጠ የሚል ጥያቄ አይነሣም። ክሊራንሷ እንደተፈረመ ይቆያል። ኮሚቴው አዲስ ስልክ ይገዛል።

"መቼ?" አለች ትሩፋት።

"በሥርዓቱ ነዋ።"

"ሦስት ወር?"

"ያው፣ እንደ ኮሚቴው ነው።"

"ጉተማስ ሰኞ?"

አቶ ወጋየሁ ጉተማ ማን እንደሆነ ለማስታወስ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ትሩፋት ያን ግንባር አይታ የምትፈልገውን መልስ ሁሉ አገኘች። እውነት ለመናገር ሐሳቡ ፈትኗት ነበር። አንድ ትንሽ ውሸት፣ ከዚያ ቤት። ነገር ግን አራት ዓመት ሙሉ እያንዳንዱን ስልክ ስትለውጥ አንድ ትንሽ ውሸት ብላ ነው የጀመረችው።

"አንተ ሰው" አለች፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንተ ስትላቸው የመጀመሪያዋ ነው፤ "መዝገብህን ክፈትና ጻፍ። አንድ ቁጥር ስልክ ዛሬ ወደ ቦይለር ክፍል ተዛውሯል። ያዛወረችው ትሩፋት ናት። ባትጽፍም አዛውረዋለሁ።"

አንድ ቁጥር የእሷው የኦፕሬተሯ ስልክ ነው። ሩቲ ራሷ አይታ ይቀበላል ያለችው።

ወደ ክፍሏ ተመለሰች። ስልኩን ከነገመዱ ነቀለች፤ በፌስታል አልሸፈነችውም፣ በሁለት እጇ ታቅፋ ይዛው ግቢውን አቋረጠች። በጥበቃው ፊት፣ በጋራዡ ፊት፣ በመጋዘኑ ፊት። የዕቃ ማውጫ ወረቀት የጠየቃት የለም፤ ወይ ፊቷን ፈርተው ነው፣ ወይ ስልክ የታቀፈች ኦፕሬተር አይተው ስለማያውቁ። ጭቃው ጫማዋን ሁለት ጊዜ ያዘባት። ቦይለር ክፍል ስትደርስ ሩቲ ነጭ ጫማዋ ቡናማ ሆኖ፣ ሠላሳ አንድ ቁጥርን ገልብጣ ይዛ ነበር። ከእሷ ጎን ጉተማ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል።

"አሮጌ ነው፤ ሰኞ ይሞት ነበር" አለች ሩቲ።

"ይሄንን ግጠሚለት" አለች ትሩፋት።

ሩቲ ስልኩን ተቀበለችና እርስዎስ በምን ይሠራሉ ብላ ጠየቀቻት። ትሩፋት እሱን እሷም እንደማታውቀው፣ ዋናው ስልክ የሚያነሣው ሲያጣ ግን የሚያውቀው ሰው ራሱ በቅርቡ እንደሚመጣ ነገረቻት። ከዚያ ወደ ጉተማ ዞራ ትእዛዟን ሰጠች። ከእንግዲህ በየሰዓቱ የሚደውለው ለእሷ አይደለም፤ የእሷ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ለሥራ አስኪያጁ ነው። ቀጥታ መስመራቸውን በአንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ ጽፋ ከስልኩ በላይ ሰካችለት።

ጉተማ ካርቶኑን አየው። "እትዬ፣ ሰውየው ይቆጣሉ" አለ።

"ይቆጡ።"

"ምን ልበላቸው?"

"ምንም አትበል። አንዴ አስጠርተህ ዝጋ፤ እንደ ሁልጊዜው።"

ተመልሳ ስትቀመጥ አሥር ሰዓት ሊሞላ አሥራ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል። ጠረጴዛዋ ላይ ስልኩ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ አራት ማዕዘን ሆኖ ንጹሕ ቀርቷል፤ ዙሪያውን አቧራ ነው። ክሊራንሷን አወጣች። አሥረኛው ሳጥን ላይ የአቶ ወጋየሁ ፊርማ አለ፤ ቀለሙ ገና ጥቁር ነው። ማታ ሳይደርስ ሊሰርዙት እንደሚችሉ ታውቃለች። ወረቀቱን በዚያ ንጹሕ ቦታ ላይ ዘረጋችው፤ አጠገቡ ደግሞ የአሥራ አንዱን ስልኮች ቁጥር፣ የተለወጡበትን ወርና የለወጠችበትን ምክንያት በራሷ እጅ ጽፋ አስቀመጠች። የመጀመሪያው መስመር ሠላሳ አንድ ቁጥር ነበር። ሁለተኛው ዘጠኝ ቁጥር፤ "በንብረት ክፍል ኃላፊው ጥያቄ" ብላ ጨመረችበት።

የፋብሪካው ዋና መስመር ጥሪ የሚያነሣው አጥቶ በሌሎች ክፍሎች ሲጮኽ ከሩቅ ይሰማታል። ከዚያ አሥር ሰዓት ሆነ። ልክ ከራሷ በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ የሥራ አስኪያጁ ስልክ አንድ ጊዜ ጠራና ዝም አለ።

ትሩፋት ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልነሣ አላለችም። ከላይ የሥራ አስኪያጁ ወንበር ወደ ኋላ ሲገፋ ተሰማ፤ በር ተከፈተ። ደረጃው ላይ የችኮላ ኮቴ ሲወርድ፣ እሷ የወረቀቶቹን ጠርዝ በመዳፏ አስተካክላ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።